ሞሪትስ ዛይደር ከድራፍቱ በኋላ ሁለት ዓመት የት ቆየ? የጀርመን ተከላካዮች መንገድ

አዲስ ተመልካች፦

ሰላም ለዚህ ቤት። በበረዶ ሆኪ ስለ ጀርመናዊው ተከላካይ ስለ ሞሪትስ ዛይደር ያልገባኝ ነገር አለ። ዲትሮይት ሬድ ዊንግስ በ2019 ድራፍት (ክለቦች ወጣቶችን በተራ የሚመርጡበት) በ6ኛ ደረጃ መርጦት ሳለ በሰሜን አሜሪካው ትልቅ ሊግ በኤንኤችኤል የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በ2021 መጸው ነው። በመሀሉ አንድ ዓመት በታችኛው ሊግ ግራንድ ራፒድስ፣ አንድ ዓመት ደግሞ ስዊድን ነበር። ይህን ያህል ከላይ የተመረጠ ልጅ ሁለት ዓመት የሚጠብቀው ክለቡ ስላላመነበት ነው ወይስ ስላልደረሰ? ስላልደረሰ ነው እንዳይባል፣ ገና በገባበት ዓመት ካልደር የሚባለውን የምርጥ ጀማሪ ሽልማት ወሰደ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ውል ነው። ለሦስት ዓመት ተብሎ በ2019 የተፈረመ ውል እንዴት እስከ 2024 ይዘልቃል?

ሦስተኛ፣ ከሱ በፊት የነበሩት ጀርመናውያን ተከላካዮች ኤርሆፍ፣ ዛይደንበርግና ክሩፕ በየት በኩል ነው የደረሱት? የምታውቁ በቁጥር አስረዱኝ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ይሁኑልኝ፤ የውድድር ዘመናቸው ሁለት ዓመት ስለሚረግጥ ወደኛው ሲለወጥ ይምታታል።

ሰማያዊ መስመር፦

ከሦስተኛው ጥያቄህ ብጀምር የመጀመሪያው አብሮ ይመለሳል። ከድራፍት እስከ ኤንኤችኤል ያለውን ጊዜ ጎን ለጎን አስቀምጠው። ኡቨ ክሩፕን ባፋሎ በ1983 በ214ኛ ደረጃ መረጠው፤ የገባው በ1986–87 ነው። ክርስቲያን ኤርሆፍን ሳን ሆዜ በ2001 በ106ኛ ደረጃ መረጠው፤ ክሬፌልድ ቆይቶ በ2003 የጀርመን ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ በ2003–04 ተሻገረ። ዴኒስ ዛይደንበርግ በዚያው በ2001 ድራፍት በ172ኛ ደረጃ ለፊላደልፊያ ደረሰ፤ እሱ በ2002–03 ቢጀምርም ከዚያ ወዲያ በታችኛው ሊግ በኤኤችኤል ብዙ ተመላልሷል፣ በ2005ም ከፊላደልፊያ ፋንተምስ ጋር የዚያን ሊግ ዋንጫ አንስቷል። እንግዲህ የዛይደር ሁለት ዓመት ከወገኖቹ ጋር ሲተያይ የተለመደ ነው። ያልተለመደው 6ኛ ሆኖ መመረጡ ነው፤ ከጀርመን ተከላካዮች እንዲህ ከፍ ብሎ የተመረጠ የለም።

ዋናው ምክንያት ቦታው ነው። 18 ዓመት የሞላውን አጥቂ አሰልጣኙ በአራተኛው መስመር ክንፍ ላይ አስቀምጦ በጨዋታ ስምንት ደቂቃ ሊያጫውተው ይችላል፤ ልጁ ፓክ (የሚመታውን ጎማ ዲስክ) ቢነጠቅ ከኋላው ሁለት ተከላካዮች አሉ። ተከላካይ ሲነጠቅ ግን የሚቀረው ግብ ጠባቂው ነው። የሚደበቅበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ክለቦች ተከላካይን ቶሎ ከማስገባት ይልቅ ሌላ ቦታ ብዙ ደቂቃ እንዲጫወት ይመርጣሉ።

የዛይደር ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል። ኤፕሪል 6 ቀን 2001 በሞዘል ወንዝ ዳር ባለችው በፀል ከተማ ተወለደ፤ ሆኪን የጀመረው ኤርፉርት ነው፤ ከዚያ ወደ ማንሃይም የወጣቶች ቡድን ወደ ዩንግአድለር ሄደ። ሌዮን ድራይዛይትልና ቲም ሽቱትስለም ያለፉት በዚሁ በር ነው። በ2018–19 ከአድለር ማንሃይም ዋና ቡድን ጋር በጀርመን አንደኛ ሊግ በዴኤል 29 ጨዋታ አድርጎ 2 ጎልና 4 አሲስት (ለጎል ያመቻቸው) አስመዘገበ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ግን ልጁ 17 ዓመቱ ነበር፣ በጥሎ ማለፉም 14 ጨዋታ ተሰልፏል። ማንሃይም በፍጻሜው ሬድ ቡል ሙንሽንን 4 ለ 1 ረትቶ ሻምፒዮን ሆነ፣ የሊጉ ምርጥ ጀማሪ ሽልማትም የዛይደር ሆነ።

ሰኔ 2019 ቫንኩቨር በተካሄደው ድራፍት የዲትሮይት ዋና ሥራ አስኪያጅ ስቲቭ አይዘርማን ስሙን ሲያስጠራ ልጁ ራሱ አፉን ከፍቶ ሲደነግጥ ካሜራ ይዞታል፤ አብዛኛው ሰው ከዚያ በታች ነበር የጠበቀው። በ2019–20 ከግራንድ ራፒድስ ግሪፊንስ ጋር በኤኤችኤል 49 ጨዋታ፣ 2 ጎል፣ 20 አሲስት። ያ ዘመን መጋቢት 2020 ላይ በኮሮና ተቋረጠ። ለ2020–21 መጀመሪያ በውሰት የተመለሰው ወደ ማንሃይም ነበር፤ ዴኤል መክፈቻውን እስከ ታኅሣሥ ሲያዘገይ ወደ ስዊድኑ ሮግሌ ዞረ። እዚያ 41 ጨዋታ፣ 7 ጎል፣ 21 አሲስት፣ እንዲሁም የሊጉ ምርጥ ተከላካይ። ሮግሌ እስከ ፍጻሜ ደርሶ በቬክሾ ተሸነፈ። በዚያው ጸደይ ሪጋ ላይ በዓለም ሻምፒዮና ጀርመን አራተኛ ስትወጣ የውድድሩ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። ከዚያ 2021–22፣ ዲትሮይት፣ 82 ከ82 ጨዋታ፣ 7 ጎልና 43 አሲስት። ካልደርን የወሰደ የመጀመሪያው ጀርመናዊ ነው፤ ከዲትሮይት ደግሞ ከ1965ቱ ግብ ጠባቂ ከሮጀር ክሮዚየር ወዲህ የመጀመሪያው።

እኔ ሁለቱን ዓመታት እንደ ጥበቃ አላያቸውም። ግራንድ ራፒድስ ጠባቡን ሜዳ አስለመደው፤ ሮግሌ ደግሞ በአዋቂዎች ሊግ የመጀመሪያው ጥንድ (ተከላካዮች ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚሰለፉት) ኃላፊነትና የፓወር ፕሌይ ደቂቃ ሰጠው፤ ፓወር ፕሌይ የሚባለው ተጋጣሚ በቅጣት ሰው ሲጎድልበት የሚገኘው የቁጥር ብልጫ ነው። አንዱ ብቻውን ቢሆን ጎዶሎ ነበር።

ውል ፈታሹ፦

የውሉን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ከድራፍት የመጣ ልጅ የሚፈርመው የመግቢያ ውል ይባላል። ርዝመቱ በምርጫ ሳይሆን በዕድሜ የተወሰነ ነው፤ ከ18 እስከ 21 ዓመት ለፈረመ ሦስት ዓመት ነው። ደመወዙም ጣሪያ አለው፤ በ2019 ለተመረጡት 925,000 ዶላር ነበር።

ቁም ነገሩ ያለው የመንሸራተት ደንብ በሚሉት ላይ ነው። 18 ወይም 19 ዓመት የሆነው ልጅ በአንድ የውድድር ዘመን 10 የኤንኤችኤል ጨዋታ ካልሞላ ያ ዓመት ከውሉ አይቆጠርም፤ ውሉ እንዳለ ወደ ቀጣዩ ዓመት ይገፋል። ዕድሜው የሚለካው ሴፕቴምበር 15 ላይ ነው። በ18 ዓመቱ የፈረመ ሁለት ጊዜ ሊገፋለት ይችላል። ዛይደር ሴፕቴምበር 15 ቀን 2019 ላይ 18፣ በ2020 ደግሞ 19 ነበር፤ በሁለቱም ዓመታት አንድም የኤንኤችኤል ጨዋታ አላደረገም። ስለዚህ 2019–20 ተገፋ፣ 2020–21ም ተገፋ፣ ቆጠራው በ2021–22 ተጀምሮ በ2023–24 አለቀ። ሒሳቡ ይኸው ነው።

ይህ የሚጠቅመው ማንን ነው? በዋናነት ክለቡን። ዲትሮይት ከ20 እስከ 23 ዓመቱ ያለውን ዛይደር፣ ያውም ሦስት ዘመን ሙሉ አንድ ጨዋታ ሳያመልጠው፣ በጀማሪ ዋጋ አገኘው። በ2019 መጸው ቸኩለው 10 ጨዋታ ቢያጫውቱት ኖሮ ርካሹ ውል በ2022 ያልቅ ነበር። ለተጫዋቹ ያለው ኪሳራ ትልቁ ገንዘብ ሁለት ዓመት መዘግየቱ ነው፤ በኤኤችኤል ሳለ የሚከፈለውም የዚያ ሊግ ደመወዝ ነው፣ ከዋናው ጋር አይቀራረብም። በሴፕቴምበር 2024 የፈረመው ሁለተኛ ውል 7 ዓመት በዓመት 8.55 ሚሊዮን ዶላር፣ ድምሩ 59.85 ሚሊዮን ነው። እስከ 2030–31 ያቆየዋል፤ ሲያልቅ ገና 30 ዓመቱ ነው።

አንድ ሌላ ደንብ መጨመር አለብኝ፣ ብዙ ሰው ስለሚስተው። ከካናዳ የወጣቶች ሊጎች የተመረጠ 18 ዓመት ልጅ ኤንኤችኤል ካልቀረ የሚመለሰው ወደ ወጣቶች ሊጉ እንጂ ኤኤችኤል መግባት አይፈቀድለትም ነበር። ዛይደር ግን ከጀርመን ሊግ ስለተመረጠ ያ ክልከላ አይነካውም። በ18 ዓመቱ ግራንድ ራፒድስ ከጎልማሶች ጋር የተሰለፈው በዚህ ቀዳዳ ነው። ድራይዛይትል በወጣትነቱ ወደ ፕሪንስ አልበርት ሄዶ ካናዳ ስለተጫወተ በዚያኛው ደንብ ስር ነበር።

የኤርሆፍን ውልም ላንሳ፣ በጀርመን ተከላካዮች ታሪክ እንደሱ ያለ ስለሌለ። በ2011 ባፋሎ 10 ዓመት በ40 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። ክፍያው ፊት ላይ የተከመረ ነበር፦ መጀመሪያ ዓመት 10 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው 8፣ ሦስተኛው 4። በደመወዝ ጣሪያው ላይ ግን የሚቆጠረው አማካዩ፣ በዓመት 4 ሚሊዮን ብቻ ነው። የ2013ቱ የሊግ ስምምነት ይህን ዓይነቱን ውል አከሰመው፤ ለነባር ክለብ 8፣ ለአዲስ ክለብ 7 ዓመት ገደብ ሆነ፣ ቀድሞ የተፈረሙትም በኋላ ቅጣት እንዲያመጡ ተደረገ። ባፋሎ በ2014 ክረምት ላይ ያለ ጣሪያ ጫና ውሉን ገዝቶ አፈረሰው። የቀረው 7 ዓመትና 18 ሚሊዮን ነበር። ደንቡ ሁለት ሦስተኛውን በእጥፍ ዘመን ክፈል ይላል፤ 12 ሚሊዮን ለ14 ዓመት ሲካፈል በዓመት 857,143 ዶላር። ኤርሆፍ በ2018 ጫማውን ሰቅሎም ክፍያው እስከ 2027–28 ይቀጥላል። ለጠበቃው ምስጋና ይድረሰው።

አዲስ ተመልካች፦

ሁለታችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ሰማያዊ መስመር፣ ጠባብ ሜዳ ያልከው ምን ያህል ነው የሚጠበው? በቴሌቪዥን ልዩነቱ አይታየኝም።

የቦርድ ጥግ፦

በቴሌቪዥን አይታይም፣ ተከላካዩ ግን በመጀመሪያዋ ፈረቃ ያውቀዋል። ሰፊው ሜዳ 60 በ30 ሜትር ነው፤ በጀርመንና በስዊድን የተለመደው እሱ ነው። የኤንኤችኤል 61 በ26 ገደማ ነው። አራት ሜትር ትንሽ ትመስላለች፤ የምትቆረጠው ግን ከመሀል ሳይሆን ከዳር ነው። የፌስኦፍ ነጥቦቹን (ፓክ ተጥሎ ጨዋታ የሚጀመርባቸውን) እንደ ምልክት ውሰዳቸው። በሰፊው ሜዳ ነጥቡ ከሜዳው ቁመት መሀል 7 ሜትር ይርቃል፤ ከነጥቡ እስከ ቦርዱ 8 ሜትር ይቀራል። በጠባቡ ነጥቡ ከመሀል 6.7 ሜትር፣ ከነጥቡ እስከ ቦርዱ ግን 6.25 ሜትር ብቻ። ማለትም መሀሉ ያው ነው፣ የዳር መንገዱ በየጎኑ 1.75 ሜትር ጠበበ።

ይህ ለተከላካይ ምን ማለት ነው? በሰፊው ሜዳ አጥቂ በዳር ሲመጣብህ መንገዱን ትለቅለታለህ፤ በነጥቦቹ መካከል ትቆያለህ፣ ከዚያ ርቀት የሚመታው አያሰጋም። ወጥተህ ከሄድክበት በውስጥ በኩል ያልፍሃል። በጠባቡ ግን ሰማያዊው መስመር (የመከላከያ ክልልህ መግቢያ) ላይ ቆመህ መጋፈጥ ትችላለህ፤ ቦርዱ ሁለተኛ ተከላካይ ይሆንልሃል። ከአውሮፓ የመጣ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚታወቀው በዚህ ነው፦ ወደ ኋላ ይሸሻል። ከአጥቂው ጋር ያለው ርቀት ሰማያዊው መስመር ላይ አንድ ዱላ ወይም አንድ ተኩል መሆን ሲገባው ሦስት ዱላ ይሆናል፣ አጥቂውም ሳይነካ ገብቶ ይመታል። በሰፊው ሜዳ ያ ምት ከ8 ሜትሩ ዳር ነበር፤ በጠባቡ ወደ ግቡ ቀርቧል። ጥፋቱ አንድ፣ ቅጣቱ ግን ሌላ ነው።

ሁለተኛው ከግብ ጀርባ ነው። በሰፊው ሜዳ ከግብ መስመር እስከ ኋላ ቦርድ 4 ሜትር፣ በጠባቡ 3.35። ፓክ ይዘህ ግቡን ዞረህ ለመውጣት ስትሞክር 65 ሴንቲ ሜትሯ ትጎድልብሃለች።

ፓክ ወደ ጥግ ሲጣልብህ የሚደረገውን በዝርዝር ልንገርህ፣ የዛይደር ዋጋ የሚታየው እዚህ ላይ ነውና። ዞረህ ስትሮጥ ፓኩ ላይ ሳትደርስ በትከሻህ ላይ ወደ ኋላ ማየት አለብህ፣ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለቴ፦ አንዴ መሮጥ እንደጀመርክ፣ አንዴ ደግሞ ልትደርስ አንድ ሁለት ሜትር ሲቀርህ። የመጀመሪያው ስንት ሰው እንደመጣ፣ ሁለተኛው በየትኛው ወገንህ እንደመጣ ይነግርሃል። ሁለተኛውን የዘለለ ተከላካይ አባራሪው ወደመጣበት ወገን ይዞርና ቦርዱ ላይ ይለጠፋል። ጥንዱም ዝም ማለት የለበትም፤ «ዙር»፣ «መልስ»፣ «አሻግር» እያለ መጮህ አለበት፣ ምክንያቱም ፊቱ ወደ ሜዳው ያለው እሱ ነው። በወጣቶች ሊግ ከሚታዩት የተከላካይ ስሕተቶች ብዙዎቹ የእጅ አይደሉም፤ ጥንዱ አልጮኸም ወይም ሯጩ አላየም።

ዛይደር በዚህ ላይ የራሱን ጨምሯል። አባራሪው ሊገጨው ሲደርስ እሱ ቀድሞ ወደ ኋላ ይገጨዋል። ሲያደርገው በዝግታ ብታየው እንዲህ ነው፦ ፓኩን በዱላው ጫፍ ከአባራሪው በተቃራኒ ወገን ያርቃል፣ እግሮቹን ከትከሻው ሰፋ አድርጎ ጉልበቱን ያጥፋል፣ ከዚያ ግንኙነቱ ሊሆን ሲል ዳሌውንና ትከሻውን ወደ ሚመጣው ሰው ይጥላል። በሙሉ ፍጥነት የመጣው ሰው 193 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግድግዳ ያገኛል። ግን ሰዓቱ ከባድ ነው። ፓኩን ሳይዝ ቀድሞ ከገጨ እንቅፋት ተብሎ ሁለት ደቂቃ ይወጣል፤ ክርኑ ከተነሳ ወይም ጭንቅላት ከነካ ደግሞ ይብሳል። ሌሎች ወጣቶች እሱን አይተው ሲሞክሩ የሚወድቁት ዓይናቸው ወደ ሰውየው ስለሚሄድ ነው፤ ገጭተው ፓኩን ይረሱታል።

አንድም የቀኝ እጅነቱ አለ። አውሮፓ ውስጥ አብዛኛው ልጅ ዱላውን በግራ በኩል ይዞ ስለሚያድግ በቀኝ የሚመታ ተከላካይ ውድ ነው፤ በእግር ኳስ ግራ እግር የሆነ የመሀል ተከላካይ እንደሚፈለገው ማለት ነው። በቀኝ ወገን የሚጫወት ቀኝ እጅ ተከላካይ ቦርዱን እየታከከ የመጣን ፓክ በዱላው ፊት ይቀበላል፤ ግራ እጁ በጀርባ እጅ ለመቀበል ይገደዳል፣ በዚያች ግማሽ ሰከንድ ሰማያዊው መስመር ያመልጠዋል።

የንስሮቹ ወገን፦

በግራንድ ራፒድሱ ዓመት አልስማማም። በሰማያዊ መስመር ሐሳብ ከሄድን ሽቱትስለ ለምን አላስፈለገውም? 2019–20ን ማንሃይም ተጫውቶ በ2020 በ3ኛ ደረጃ ተመርጦ በቀጥታ ኦታዋ ገባ። ዛይደርም አንድ ዓመት ማንሃይም ቢጨምር የሚጎድለው አልነበረም፤ የሚያውቀው አሰልጣኝ ፓቬል ግሮስ፣ የሚያውቀው ቋንቋ፣ ሻምፒዮን ቡድን። በኤኤችኤል 22 ነጥብ (ጎልና አሲስት ተደምሮ) ማግኘት ተአምር አይደለም።

ሰማያዊ መስመር፦

ሽቱትስለ አጥቂ ነው፤ ቅድም ያልኩት ልዩነት እዚህ ይሠራል። የጀርመኑን ሊግ ቀመርም አስበው። በአንድ ጨዋታ እስከ 9 የውጭ ዜጋ ማሰለፍ ይፈቀዳል። ክለብ ለውጭ ዜጋ ሲከፍል የሚፈልገው ጎል የሚያመጣ ሰው ስለሆነ የፓወር ፕሌይ ሰማያዊ መስመር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለካናዳዊ ወይም ለአሜሪካዊ ነው። ጀርመናዊ ወጣት ተከላካይ በሦስተኛው ጥንድ 12 ደቂቃ ያገኛል፣ አደራው ፓኩን ማውጣት ብቻ ይሆናል። በዛይደር ላይ የታየውም ይህ ነው፤ በ29 ጨዋታ 6 ነጥብ ያስመዘገበው ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ 28 ያመጣው ስዊድን ላይ ቁልፉን ስለሰጡት ነው። ሊጉ ችግሩን ስላወቀ ከ23 ዓመት በታች ላሉ ጀርመናውያን በዝርዝሩ ላይ ቦታ አስይዟል፤ የማሳደጊያ ፈቃድ የሚባልም አለ፣ አንድ ወጣት በአንደኛው ሊግና በተባባሪው የሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሊግ ክለብ በአንድ ዘመን እየተመላለሰ እንዲጫወት። ለ19 ዓመት ተከላካይ አርብ በታችኛው ሊግ 22 ደቂቃ፣ እሑድ በላይኛው 8 ደቂቃ መጫወት ከመቀመጥ ይሻላል።

በቋንቋውና በአሰልጣኙ ላይ ግን እውነት አለህ። ያ ዓመት እርግጥ ከባድ ነበር፣ ብቃቱም ወደ መጨረሻው ነው የተስተካከለው። እኔ የምለው የተስተካከለው በኦክቶበር 2021 ዲትሮይት ላይ ሳይሆን ማንም በማያይበት ቦታ መሆኑ ጠቅሞታል ነው።

የኮሎኝ ሻርክ፦

የቀደሙት ሰዎች በአጭሩ ስለታለፉ ልጨምር። ክሩፕ የኮሎኝ ልጅ ነው፣ 1965 ተወልዶ እዚያው ነው ያደገው። በ1995–96 በኮሎራዶ ገና በመክፈቻው ጉልበቱ ተጎድቶ አብዛኛውን ዘመን ጠፋ፤ ለጥሎ ማለፉ ተመለሰ። ፍጻሜው አራተኛ ጨዋታ ከፍሎሪዳ ጋር ሦስቱ ክፍለ ጊዜ 0 ለ 0 አለቀ፣ ሁለት ጭማሪም 0 ለ 0፤ በሦስተኛው ጭማሪ 4 ደቂቃ ከ31 ሰከንድ ላይ ክሩፕ ከሰማያዊው መስመር ውስጥ መትቶ አገባ። 104 ደቂቃ ከ31 ሰከንድ ጨዋታ ማለት ነው። ኮሎራዶ በዚያች ጎል የስታንሊ ዋንጫን ወሰደ። የኮሎራዶው ግብ ጠባቂ ፓትሪክ ሯ 63 ምት አድኗል፤ ይህ ሲነሳ የክሩፕን ስም የሚያስታውሰው ጥቂቱ ነው። በኋላ ብሔራዊ ቡድኑን ሲያሰለጥን በ2010 ጀርመንን በሜዳዋ አራተኛ አውጥቷል።

ኤርሆፍና ዛይደንበርግ ደግሞ ከአንድ ድራፍት ወጥተው በ2011 የስታንሊ ፍጻሜ ላይ ተፋጠጡ፤ አንዱ ለቫንኩቨር፣ አንዱ ለቦስተን። ኤርሆፍ በዚያ ዘመን 14 ጎልና 36 አሲስት ነበረው። ዛይደንበርግ ነጥብ ብዙም የለውም፣ ግን ቦስተን በመጀመሪያው ዙር በሞንትሪያል ሁለት ጨዋታ በሜዳው ሲሸነፍ አሰልጣኙ ክሎድ ጁሊየን ከዝዴኖ ቻራ ጋር አጣመረው፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ዋንጫው በአማካይ ከ27 ደቂቃ በላይ ተጫወተ። ጨዋታው ሰባት ደርሶ ዋንጫውን ያነሳው ዛይደንበርግ ነው። ሁለቱ በጠቅላላ፣ ኤርሆፍ 789 የኤንኤችኤል ጨዋታ፣ ዛይደንበርግ 859። ዛይደንበርግን የጎዳው ጉልበቱ ነው፤ ታኅሣሥ 2013 ጅማቱ ተበጥሶ ዘመኑ አለቀ፣ በ2016 ቦስተን ውሉን አፈረሰ። ከዚያ በኋላ ግን በ2017 በሜዳው በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የውድድሩ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። ጨርሷል ሲባል የነበረ ሰው!

ወደ ኤንኤችኤል ያልሄደውንም እንዳትረሱት። ተከላካዩ ሞሪትስ ሙለር ለረጅም ዓመታት ለኮሎኙ ክለብ ለኮልነር ሃይ ነው የተጫወተው። በ2018 ፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክ ጀርመን ለወርቁ 3 ለ 2 እየመራች አንድ ደቂቃ እንኳን ሳይቀር ተቆጥሮባት በጭማሪ 4 ለ 3 ስትሸነፍ ነበር፤ ያ የኤርሆፍ የመጨረሻ ትልቅ መድረክ ሆነ፣ በመዝጊያውም ባንዲራ ይዟል። በ2023 የዓለም ሻምፒዮና ጀርመን ከ1953 ወዲህ የመጀመሪያ ሜዳልያዋን፣ ብር፣ ስታገኝ ሙለር አምበል፣ ዛይደር አብሮት ተከላካይ ነበር። ለጀርመን ተከላካይ አትላንቲክን መሻገር አንዱ መንገድ ነው፣ ብቸኛው አይደለም።

አዲስ ተመልካች፦

በጣም ጠቀማችሁኝ። የመጨረሻ፦ አንድ ተከላካይ ጥሩ መሆኑን ከውጤት ሰሌዳው ለማወቅ ምኑን ልመልከት? ፕላስ ማይነስ የሚሉትን ማመን ይቻላል?

የቦርድ ጥግ፦

ፕላስ ማይነስን ብቻውን አትመነው። ተጫዋቹ ሜዳ ላይ ሳለ ቡድኑ ሲያገባ የሚደመር፣ ሲቆጠርበት የሚቀነስ ቁጥር ነው። ተጋጣሚ ግብ ጠባቂውን አውጥቶ በባዶ መረብ ሲቆጠር ይገባበታል፤ ቡድንህ እየተመራ ግብ ጠባቂህን አውጥተህ ሲቆጠርብህ ደግሞ ይቀነስብሃል፣ በዚያ ሰዓት ሜዳ ላይ የሚሆኑት ደግሞ የታመኑት ናቸው። በፓወር ፕሌይ የምታመቻቸው ጎል ግን ለፕላስ አይቆጠርም። ስለዚህ በደካማ ቡድን ውስጥ ያለ ምርጥ ተከላካይ ከሁሉ የባሰ ቁጥር ሊይዝ ይችላል።

መጀመሪያ የሜዳ ደቂቃውን እይ። 23 እና ከዚያ በላይ የሚጫወት ሰው አሰልጣኙ ያምነዋል። ከዚያ ደቂቃው በምን እንደተከፋፈለ፦ ሰው በጎደለ ጊዜ ስንት፣ በፓወር ፕሌይ ስንት። ሁለቱም ላይ ያለ ጥቂት ነው፣ ዛይደር ከነሱ አንዱ ነው። ሦስተኛ፣ ከማን ጋር እንደሚጋፈጥ፤ በሜዳቸው ሲጫወቱ የመጨረሻ ቅያሪ የዲትሮይት አሰልጣኝ ስለሆነ፣ የተጋጣሚ የመጀመሪያ መስመር ሲወጣ 53 ቁጥር አብሮ ይወጣ እንደሆነ ተከታተል። ሰሌዳው የማይነግርህን ካስፈለገህ ደግሞ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ፓኩን ትተህ እሱን ብቻ እይ፣ በተለይ ፓክ ወደሱ ጥግ ሲጣል ራሱን ስንት ጊዜ እንደሚያዞር።